በውኃ የለወስኩት ዐመድ

ዘንድሮ በዐመድ ረቡዕ፣ የእኛ የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም በሚገባበት ቀን፣ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። አሥራ አራት ዓመት ዘንባባ ሳቃጥል፣ ዐመድ ስወቅጥና ስነፋ የኖርኩ ሴት፣ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን በግንባሬ ለመቀበል ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ ያዝኩ። ወገቤ ካውያ ፊት መቆም እምቢ ካለ ወዲህ አሠሪዎቼ ሲስተሮቹ መርቀው አሰናብተውኛል፤ በእኔ ቦታ አንዲት ጎበዝ ልጅ ገብታለች።

ከፊቴ የተሰለፈች የሰው ቤት ሠራተኛ ዞር ብላ፣ "እትዬ አስካለ፣ ጡረታ እንዴት ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"እግሬ ተደስቷል። ያኮረፈኝ እጄ ነው።"

"እንግዲያው ይጻፉበት። ሲያወሩ እንደሆነ የሚችልዎት የለም።"

ሳቄን ዋጥኩ፤ ምክሯን ግን ይዤ ወጣሁ። ስለ ሥራ ዘመኔ የማወራው ብዙ ነው። ሆኖም ወደ ኋላ ዞር ባልኩ ቁጥር ሁሉን የማየው በአንድ ዐቢይ ጾም በኩል ነው። ኃፍረቴ እዚያ ነው ያለው፤ ምስጋናዬም እዚያው።

ጅቡቲ የገባሁት በፈረንጆች 1998 ነው፤ ከድሬዳዋ በባቡር። እናቴ የሚሲዮን ልብስ አጣቢ ነበረች። እኔም ካቶሊክ ሆኜ ያደግሁት በሳሙና አረፋ መካከል ነው ማለት ይቻላል። ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ አቋረጥኩ፤ የቀረውን ከጸሎት መጽሐፍ፣ ከሳሙና ካርቶንና ከሰው አፍ ለቃቀምኩት። ፈረንሳይኛዬ እስከ ዛሬ ሳሙና ሳሙና ይላል።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ወደቡ ላይ በጸሐፊነት የሚሠራ ሰው ቤት ነው፤ ማደሪያዬም እዚያው ነበር። የቤቱ እመቤት ሐሊማ ትባላለች። ጾማችን ሲገባ ሥጋውን እየተውኩ ሩዙን ብቻ ስበላ አየችኝ።

"አንቺም ረመዳን ያዝሽ?"

"የእኛው ዐርባ ቀን ነው። ውኃ ግን ይፈቀዳል።"

"ውኃ እየተጠጣማ ምኑን ጾም ሆነ?"

"እናንተስ ጀምበር ስትጠልቅ በግ እየበላችሁ?"

እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በጾሜ ወራት ለእኔ ብቻ ምስር ታስገዛልኝ ነበር። በእነሱ ጾም ደግሞ ቤተ ሰቡ በሙሉ ተምሩን ከፊቱ አስቀምጦ፣ እጁን ሰብስቦ፣ አዛኑን ሲጠብቅ አይ ነበር። አንዱ ቀድሞ አይነካም። ጾም የብቻ ጉብዝና እንዳልሆነ መጀመሪያ የገባኝ በእስላም ቤት ነው ብል እግዚአብሔር የሚቆጣኝ አይመስለኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፕላቶ ዱ ሰርፓን አካባቢ፣ ኤምባሲ የሚሠሩ ባልና ሚስት ፈረንሳዮች ቤት ገባሁ። ማዳሟ ካውያ አያያዝ አስተማረችኝ፦ ሸሚዝ ከኮሌታው ይጀመራል፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እጅጌው፤ ደረቱ መጨረሻ ነው፤ የሰው ዓይን የሚያርፍበት ስለሆነ እንዳይጨማደድ። ደመወዙ ከፊተኛው የተሻለ ነበር። የሥራ ጊዜያቸው አብቅቶ አገራቸው ሲገቡ ግን ሜዳ ላይ አልጣሉኝም፤ ከተማው ውስጥ ትንሽ ጸሎት ቤት ካላቸው ሴት መነኮሳት ዘንድ አስቀጠሩኝ። የመኖሪያ ወረቀቴም በሲስተሮቹ ስም ሆነ። ይህችን የወረቀት ነገር አትርሷት፤ ኋላ ትመጣለች።

ሲስተሮቹ ሦስት ነበሩ። አለቃቸው ሲስተር ክሌር ቁመታቸው አጭር፣ እርምጃቸው ፈጣን፣ ቃላቸው የተቆጠረ ነበር። ለቅዳሴ የሚመጡልን አባ ሉቃስ የሚባሉ ፈረንጅ ቄስ ናቸው፤ በእኛ አገር ብዙ ዘመን ስላገለገሉ አማርኛ ይችላሉ። የመንበረ ታቦቱን ጨርቅ፣ የቅዳሴውን ልብስና ዕቃ የሚጠብቁት ደግሞ እትዬ ሉቺያ ነበሩ። ለእርሳቸው ረዳት ሆኜ ነው የተቀጠርኩት።

እትዬ ሉቺያ የከረን ሰው ናቸው። ያኔ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ካበቃ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ አንዱ የአንዱን አገር ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁርበት ጊዜ። እርሳቸው ከየት እንደመጣሁ አልጠየቁኝም። ያሉኝ ነገር፣ "እጅሽን አሳይኝ" ነው። ገልበጥ አድርገው አዩና፣ "ጥፍርሽን ቁረጪና ነይ" አሉኝ። ሥራው በዚህ ተጀመረ።

ልብስ ማጠብ የማውቅ መስሎኝ ነበር። እትዬ ሉቺያ ዘንድ እንደ አዲስ ተማርኩ። ቅዱስ ቁርባኑ የሚያርፍበት ነጭ ጨርቅ ሲታጠብ የመጀመሪያው ውኃ ወደ ቱቦ አይፈስም። ፍርፋሪ ወይም የጽዋው ጠብታ ሊኖርበት ስለሚችል ሰው ከማይረግጠው መሬት ላይ፣ ከግቢው ዛፍ ሥር ይደፋል። "ይቺ ዛፍ ከሁላችንም በላይ ትቆርባለች" ይሉ ነበር፤ ሳይስቁ። ሲተኮስ እርጥበቱ ሳያልቅ፣ በጀርባው በኩል ነው፤ ካውያው ከመካከል ወደ ዳር ይሄዳል እንጂ ከዳር ወደ መካከል አይገፋም። ሲታጠፍ ከታች አንድ ሦስተኛ ወደ ላይ፣ ከላይ አንድ ሦስተኛ ወደ ታች፣ ከዚያ ከግራና ከቀኝ፤ ሲዘረጋ ዘጠኝ ቤት ይወጣዋል። ፍርፋሪ ቢኖር እንዳይወድቅ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ይቀመጣል ማለት ነው። እየተኮሱ ማውራት የለም። ለእያንዳንዱ ጨርቅ አንድ "አባታችን ሆይ" ይባላል፤ ጸሎቱ ቀድሞ ካለቀ ቸኩለሻል፣ ጨርቁ ቀድሞ ካለቀ አሳስበሽዋል።

አንድ ቀን በሐምሌ ሙቀት መብራት ጠፍቶ በከሰል ካውያ ስንሠራ፣ "እትዬ፣ እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ያያል?" አልኳቸው፤ ላቤ እየተንጠባጠበ።

"እሱ ማየቱን ተይውና አንቺ እያየሽ ነው ወይ? ጠርዙ ተጣሟል።"

እንዲህ ነበሩ። ስብከት አያውቁም። ወደ እግዚአብሔር መቅረብ የሚባለውን ነገር ከእርሳቸው የለመድኩት ጠርዝ በማቃናት ነው።

የዐመዱ ሥራ የሚጀምረው ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ምእመናኑ ያለፈው ዓመት የሆሳዕና ዘንባባቸውን ከቤታቸው ግድግዳ አውርደው ይመልሳሉ። እትዬ ሉቺያ የባሕሩ ንፋስ ሳይነሣ፣ ማለዳ፣ በብረት ሳህን ላይ ያቃጥሉታል። በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በስስ ጨርቅ ወንፊት ሁለት ጊዜ ይነፋል፣ በመጨረሻ ጥቂት የወይራ ዘይት ጠብ ይደረግበታል። ጠብ ነው፤ ከዚያ በላይ አይፈቅዱም። "ዐመዱ እንዳይበን ነው እንጂ ወጥ ልንሠራ አይደለም" ይላሉ።

ሦስተኛ ዓመቴ ሲያልቅ ዓይናቸው መድከሙን አወቅሁ። ቀድሞ የማታመልጣቸው የወይን ጠጅ ነጠብጣብ ታመልጣቸው ጀመር። ንገሪያቸው አለኝ ልቤ፤ አልቻልኩም። እርሳቸው ሲወጡ ያጠቡትን መልሼ አጥባለሁ፤ የተኮሱትን ፈትቼ እተኩሳለሁ፤ እንደነበረ አጥፌ አስቀምጣለሁ። ለእርሳቸው ማዘኔ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ግማሹ እንደሱ ነው፤ ግማሹ ደግሞ፣ ከመምህሬ የበለጥኩ መሆኔን ለብቻዬ ማወቁ ደስ ይለኝ ነበር።

በአራተኛው ዓመቴ፣ የዐመድ ረቡዕ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ዕቃ ቤት ገብቼ የእትዬ ሉቺያን ዐመድ ከፍቼ አየሁ። እንደ ወትሮው ነፍተው፣ ዘይት ጠብ አድርገው፣ በትንሽ ሳህን ከድነው አስቀምጠውታል። ለእኔ ዓይን ደረቅ ሆነብኝ፤ አነሰብኝም። ነገ የጣሪያው ማራገቢያ ሲዞር በንኖ ሰው ልብስ ላይ ሊያርፍ ነው አልኩ። ከወንፊት የቀረውን ዐመድ ጨመርኩበት፤ ከማንቆርቆሪያው የፈላ ውኃ አፈሰስኩና እንደ ሊጥ ለወስኩት። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ ሆነ። በጣም አማረልኝ። ከድኜ መለስኩት።

እናቴ የድስት ቅባት የምታስለቅቀው በዐመድ ውኃ ነበር። ዐመድ በፈላ ውኃ ተለውሶ ሲያድር ቆዳን ምን ያህል እንደሚበላ ልጅ ሆኜ በጣቴ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አጣቢ ነኝ። ያን ቀን ግን ዐመዱ የጸሎት ሆነብኝና የድስቱን ዐመድ ረሳሁት።

በማግሥቱ እትዬ ሉቺያ እንደ ልማዳቸው ሳህኑን ይዘው ከአባ ሉቃስ ጎን ቆሙ። አባ አውራ ጣታቸውን እየነከሩ በእያንዳንዱ ግንባር ላይ መስቀል አደረጉ፤ አፈር መሆናችንን አስታወሱን። የብዙዎቹ ግንባር መቆጥቆጥ የጀመረው ገና ቅዳሴው ሳያልቅ ነው። ሰው የጸሎት ነገር መስሎት ቻለው። በማግሥቱ በሁላችንም ግንባር ላይ መስቀሉ ቀልቶ፣ አንዳንዱ ላይ ውኃ ቋጥሮ ነበር። የሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ፣ አሰሪዋ ተላላፊ በሽታ ነው ብላ ሕፃኑን እንዳትነካ ከልክላታለች። ከከተማው ዳር፣ ፔካ 12 በሚባለው ቦታ፣ ከባድ መኪናውን የሚያቆመው ሹፌር ጋሽ ጴጥሮስ ከሳምንት በኋላ ኢትዮጵያ ደርሶ ሲመለስ፣ "ሲስተር፣ የዘንድሮው መስቀል አልለቅ አለ። ኬላው ላይ ፈታሹ ማን ፈነከተህ ይለኛል" አለ። ከሁሉም የባሰው የእትዬ ሉቺያ ግንባር ነበር። የሽማግሌ ቆዳ ስስ ነው።

ሲስተር ክሌር ነገሩን ለመመርመር ዕቃ ቤት ሲገቡ መደርደሪያው ላይ ሁለት እኩል ጠርሙሶች ጎን ለጎን አገኙ፤ አንዱ የወይራ ዘይት፣ አንዱ ለጨርቅ የምንጠቀምበት በረኪና። እትዬ ሉቺያን አስጠሩ።

"ዘይቱን ከየትኛው ጨመሩ?"

እትዬ ሉቺያ ጠርሙሶቹን ዳሰሱ። "ከዚህኛው መሰለኝ።"

"መሰለኝ?"

እጃቸውን ከጠርሙሶቹ አነሡና፣ "ዓይኔ እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ፣ ሲስተር። ሳህኑን ስይዝ እርጥበቱ በዝቶብኝ ነበር። በረኪናውን ጨምሬው ይሆናል። እኔ ነኝ" አሉ።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ የታጠበ ጨርቅ የሞላ ሳፋ ታቅፌ። በረኪና እንዳልሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል፣ "ውኃ ላምጣ?" የሚል ነው።

ሲስተር ክሌር የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከእትዬ ሉቺያ ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝ። እትዬ ሉቺያ ከዛፉ ሥር ወንበር ተደርጎላቸው ምስር እንዲለቅሙ ተደረገ። ለክፋት አልነበረም፤ ዓይናቸው ለደከመ ሴት የታሰበ ዕረፍት ነው። ግን ያ ዕቃ ቤት ነበር ሕይወታቸው። ቁልፉን ከአንገታቸው ሲያወልቁ ማሰሪያው ጸጉራቸው ላይ ተያዘ፤ እኔ ነኝ ያላቀቅኩላቸው።

ለምን ዝም አልኩ? ወረቀቴ በሲስተሮቹ እጅ ነው፤ ቢያባርሩኝ ባቡር ተሳፍሬ ወደ እናቴ ባዶ እጄን መመለስ ነው። ይህ እውነት ነው። ሌላም እውነት አለ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ሲወርድ ከብዶ ደስ አለኝ።

በዚያ ጾም እንደጾምኩት ጾሜ አላውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ ስኳር ተውኩ፤ ከወለሉ ላይ ያለ ምንጣፍ ተንበረከክሁ። ሲስተር ክሌር እንኳ፣ "አስካለ፣ ልከኛ ሁኚ" አሉኝ። እኔ ግን ጾሜን በጨመርኩ ቁጥር እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረብኝ እየመሰለኝ ሄደ። ዛሬ ይገባኛል፤ እሱ አላዞረም። አንድ ቃል እንዳልናገር ሃያ ነገር እሰጠው ነበር፤ እሱ የሚጠብቀው ያቺኑ አንድ ቃል ነው።

ጅቡቲ ዕረፍቷ ዓርብ ነው። ስለዚህ የእኛ ፍኖተ መስቀል፣ የጌታን የመከራ መንገድ በዐሥራ አራት ምዕራፍ የምንጸልይበት፣ ከእሑዱ ቅዳሴ ይልቅ ይሞላ ነበር፤ ፈቃድ ያገኙት የሰው ቤት ሠራተኞች ሁሉ ይመጣሉ። በአምስተኛው ምዕራፍ፣ ስምዖን የጌታን መስቀል ሲያግዝ ስንደርስ፣ እትዬ ሉቺያ ከግድግዳው ተደግፈው አየኋቸው፤ ግንባራቸው ላይ ያ ቀይ ምልክት አለ። የእኔን ተሸክመው ነው የቆሙት። ስምዖንስ የማንን እንደሚሸከም ያውቅ ነበር። እርሳቸው ይህንንም አያውቁም።

በአራተኛው ሳምንት ንስሐ ገባሁ። አባ ሉቃስ ዘንድ ተንበርክኬ ከወንፊቱ ጀምሬ እስከ ማንቆርቆሪያው ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

"ተጸጽተሻል?"

"አዎ፣ አባ።"

"የወሰድሽባቸውን ትመልሺላቸዋለሽ?"

"እመልሳለሁ፣ አባ።"

ፈቱኝ። እንደ ላባ ቀልዬ ወጣሁ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። በኑዛዜ የተሰማ ነገር ከቄስ አፍ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ተምሬዋለሁ። አፋቸው ባይናገር እጃቸው ይሠራል ብዬ ነበር። ሲስተር ክሌር እርሳቸውን ይሰማሉ፤ ሰበብ ፈልገው ቁልፉን ለእትዬ ሉቺያ ያስመልሱላቸዋል፤ ማንም ሳያውቅ፣ እኔም ሳላፍር። ነገ ይሆናል አልኩ። ነገ መጣ። አባ ሉቃስ በግቢው ሲያልፉ ምስር ለሚለቅሙት እትዬ ሉቺያ ሰላምታ ሰጥተው አለፉ። ሳምንት ሆነ። ሁለተኛውም ሳምንት ገባ። መናደድ ጀመርኩ። አንድ ቀን የቅዳሴ ልብሳቸውን እየተቀበልኩ፣ "አባ፣ ያ ነገርስ?" አልኳቸው።

"የትኛው ነገር?"

ፊታቸውን አየሁ፤ ምንም የለበትም። የሚያስመስሉ ሰው አይደሉም።

"ያ... የነገርኩዎት።"

"አስካለ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም" አሉኝ በዝግታ። "አንቺ የምታውቂው ካለ፣ እግር አለሽ።"

ልብሱን ታቅፌ ቀረሁ። ለአለቃ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር እንግዲህ፤ የተናገርኩት ለእግዚአብሔር ነው። እግዚአብሔር ደግሞ ሰምቶኝ፣ ይቅር ብሎኝ፣ ሥራውን መልሶ ለእኔ ሰጥቶኛል።

እንዲያም ሆኖ ሦስት ቀን ፈራሁ። በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ ከቀትር በኋላ፣ ማጠቢያው ቤት ስገባ እትዬ ሉቺያን አገኘኋቸው። ሁለቱን ጠርሙሶች ከፊታቸው አስቀምጠዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው አንዱን ያነሣሉ፣ ያሸታሉ፣ ያስቀምጣሉ፤ ሌላውን ያነሣሉ፣ ያሸታሉ። ቦታቸውን አለዋውጠው እንደገና ይጀምራሉ።

"ምን እያደረጉ ነው፣ እትዬ?"

"አንድም ጊዜ አልሳትኩም" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "በየቀኑ እሞክረዋለሁ። በረኪናውን ከሩቁ ነው የማውቀው። ያን ቀን ምን ነካኝ፣ ልጄ? ዓይኔስ ደከመ። አፍንጫዬም ከዳኝ? ልቤም ነው የሚሄደው? ሕፃናት አቃጠልኩ እኮ።"

ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ቁልፍ ብቻ የወሰድኩባቸው መስሎኝ ነበር።

"አልተሳሳቱም፣ እትዬ። በረኪና አልገባበትም። እኔ ነኝ። የእርስዎን ዐመድ ደረቅ ነው ብዬ በፈላ ውኃ ለወስኩት።"

ዓይናቸውን ገለጡ። ጠርሙሱን ከደኑ።

"መቼ?"

"ዋዜማውን።"

"አድሮ?"

"አድሮ።"

"አጣቢ ሆነሽ?"

የገዛ ጣቶቼን አየሁ።

"ለማን ተናገርሽ?"

"ለአባ ሉቃስ። በንስሐ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ።"

"እሱማ ለእግዚአብሔር ነው" አሉ። "እኔስ? እዚሁ ዛፍ ሥር ነበርኩ።"

ተንበረከክሁ። እንድነሣ አልነገሩኝም። "ከዚያ በፊትስ? ስንት ጊዜ ነው ከኋላዬ ስታስተካክዪ የኖርሽው?" ብለው ጠየቁ።

"ዓመት ይሆነኛል።"

ይህኛው ከዐመዱ ይልቅ ጎዳቸው፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። "ሂጂ አሁን" አሉኝ። ሄድኩ።

በቀጥታ የሄድኩት ሲስተሮቹ ወደሚመገቡበት ክፍል ነው። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በዚያ በሳሙና ፈረንሳይኛዬ ሁሉንም ተናገርኩ። ሲስተር ክሌር ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ለምን ዝም አልሽ?"

"ወረቀቴን ፈርቼ ነው። ደግሞም ቁልፉ ጣፍጦኝ።"

"ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን" አሉ። ቁልፉን ራሳቸው ይዘው ወደ ዛፉ ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው፤ እትዬ ሉቺያ ፊት ጎንበስ ብለው በገዛ እጃቸው አንገታቸው ላይ አጠለቁላቸው።

በስቅለት ዓርብ ከፍኖተ መስቀሉ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ያቺ አሰሪዋ ሕፃን አትንኪ ያለቻት ልጅ ከመካከል፣ "እትዬ አስካለ፣ እኔስ ለሦስት ቀን በሰላም ተኝቻለሁ፤ ለከርሞም እንዳይረሱኝ" አለች። ሰው ሳቀ። በስቅለት ቀን ሳቅ ነውር ነው፤ እኔ ግን የሰማሁት እንደ ይቅርታ ነው። ከእትዬ ሉቺያ ግን አንድ ቃል አልመጣም። በዚያው ቀን ልብሴን በሻንጣ አዘጋጀሁ።

ቀዳም ሥዑር ጠዋት፣ ለትንሣኤ የሚነጠፈው ነጭ ሁሉ በሚዘጋጅበት ሰዓት፣ ክፍሌ ቁጭ ብዬ እትዬ ሉቺያ የካውያውን ጠረጴዛ ሲጎትቱ ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ።

"አስካለ። ይሄ ጨርቅ ነጠብጣብ አለው የለውም?"

ሮጥኩ። ሲስተር ክሌርም ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ጨርቁን ወደ ብርሃን አዞርኩት። የድሮ አፌ "የለውም" ሊል ነበር፤ ኋላ በድብቅ ላጥበው።

"አለው፣ እትዬ። ግራ ጠርዙ ላይ። ሁለት ነው።"

"እንዲህ ነው የሚባለው" አሉ። "ከእንግዲህ ከኋላዬ አንዲት ነገር አትንኪ። ስሳሳት ፊት ለፊቴ ንገሪኝ። ይከፋኛል፤ ይከፋኝ።" ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሲስተር ክሌር መለሱ። "ሲስተር፣ ይቺን አባረው የማላውቃትን ሊያመጡብኝ ነው? ይቺኛዋስ አንዴ አቃጥላለች፤ ሁለተኛ አታቃጥልም። አዲሷ ግን ገና ናት።"

ሲስተር ክሌር የሚስቁ ሴት አይደሉም። በዚያች ጠዋት ግን ፊታቸውን ወደ ኮሪደሩ አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን ያሉት ንግግር እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ ከእትዬ ሉቺያ ጋር ስድስት ዐቢይ ጾም አብረን ጾምን፤ በሰባተኛው ሳይደርሱ ዐረፉ። ነጠብጣብ ስነግራቸው ሁልጊዜ ይከፋቸው ነበር፤ ሁልጊዜም ጨርቁን መልሰው ወደ ሳፋው ይጨምሩት ነበር። ከቁጣቸውም ከእንጀራቸውም አብሬ ቆርሻለሁና አመሰግናለሁ። ለአባ ሉቃስ ባዶ ፊትም አመሰግናለሁ፤ ያኔ በእኔ ፈንታ ቢሠሩልኝ ኖሮ፣ ቁልፉ ይመለስ ነበር፤ እትዬ ሉቺያ ግን እስኪሞቱ አፍንጫቸውን እንደጠረጠሩ ይኖሩ ነበር።

ያ ፋሲካ ባለፈ በዓመቱ፣ በዐመድ ረቡዕ ዋዜማ፣ እትዬ ሉቺያ ዐመዱን አዘጋጂው ያሉት እኔን ነው። ማለዳ አቃጠልኩ፤ ወቀጥኩ፤ ሁለት ጊዜ ነፋሁ፤ ዘይቱን እያዩኝ ጠብ አደረግሁ። ስጨርስ ወንበራቸውን ወደ ካውያው ጠረጴዛ አስጠጉና ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፉ። ግንባራቸው ላይ ያ ምልክት ነጣ ብሎ ቀርቷል።

"በይ። ከሰው በፊት በእኔ ላይ።"

"እትዬ፣ በገዛ እጄ ላይ ልሞክረው።"

"የአጣቢ እጅ ምን ይሰማዋል? ቅቢ።"

"ቃሉንስ ልበል?"

"ቄስ ነሽ እንዴ? ዝም ብለሽ ቅቢ።"

አውራ ጣቴን ነክሬ ከጠባሳው ላይ አሳረፍኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። እኔ ካውያዬን አነሣሁ። ከአንዱ ጨርቅ ወደ ሌላው ባለፍኩ ቁጥር፣ ከአንዱ "አባታችን ሆይ" ወደ ሌላው፣ ግንባራቸውን አያለሁ። አንድ ጊዜ፣ "ያቃጥላል?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ሥራሽን ሥሪ።"

የማታ ጸሎት ደወል እስኪደወል እንዲህ ቆየን። ሲደወል ጣታቸውን ወደ ግንባራቸው ሰደዱ፤ ጠረግ አድርገው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ቀስ ብለው አሸተቱት።

"ዘይት ነው" አሉ። ከዚያ ወደ ጸሎት ቤቱ እንድወስዳቸው ክንዳቸውን ሰጡኝ።